ከታህሪር እስከ ቬኒስ፦ የተገደለ አርቲስት በዐውደ ርዕይ ሲከበር የሚከበረው ምኑ ነው?

አንድ የጥበብ ሰው በሕዝብ ዐመፅ መሃል ሲገደል የሚከተለው ነገር የታወቀ ነው። ፎቶው ይሰራጫል። የመጨረሻ የፌስቡክ ጽሑፉ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ተነስቶ «ዐውደ ርዕይ ይዘጋጅለት» ይላል። ይህን ሐሳብ ፊት ለፊት የሚቃወም የለም። ቢኖርም ለቅሶ ላይ አፉን አይከፍትም። ጥያቄው የሚመጣው ውሎ አድሮ ነው። አዘጋጁ ማን ነው? ገንዘቡስ ከየት መጣ? ሰው ሊያይ የሚሄደው ሥራውን ነው ወይስ አሟሟቱን?

እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ተሰብስበው የሚገኙት በግብፃዊው አሕመድ ባስዩኒ ጉዳይ ላይ ነው። ባስዩኒ ጃንዋሪ 28 ቀን 2011 ካይሮ ውስጥ ተገደለ። አምስት ወር ሳይሞላው ሥራው በዓለም ትልቁ በሚባለው የጥበብ መድረክ፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ አገሩን ወክሎ ቀረበ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ዐውደ ርዕይ የሚያወራ ሰው በቀላሉ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ቬኒስ ላይ የታየው ዋና ሥራ ስለ 2011ዱ የግብፅ አብዮት የተሠራ ይመስለዋል። አይደለም። አብዮቱ ከመነሳቱ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ የተሠራ ነው። ቀኑን ማሳሳት ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ግን የጉዳዩ ቁልፍ እዚያ ላይ ነው።

## ባስዩኒ ማን ነበር?

ባስዩኒ በ1978 ካይሮ ተወለደ። የተማረው በሄልዋን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ፋኩልቲ ነው፤ በኋላም እዚያው አስተማሪ ሆነ። በሥዕል ጀምሮ ወደ ድምፅ፣ ወደ ቪዲዮና ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ። የዶክትሬት ጥናቱም በዚሁ ላይ ነበር፦ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የድምፅ ጥበብ መሥራት። ክፍት ምንጭ የሚባለው ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የፈለገ ሰው ወስዶ እንደሚመቸው የሚያስተካክለው ፕሮግራም ነው። ውድ ሶፍትዌር መግዛት ለማይችል ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ባስዩኒ ለጥበብ ክበቡ አዲስ ሰው አልነበረም። የሚያውቁት ግን ተማሪዎቹ፣ የሙያ ጓደኞቹና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ወዳጆች ነበሩ። መንገድ ላይ ያለው ሰው ስሙን አያውቀውም።

ጃንዋሪ 25 ቀን 2011 ሰልፉ ሲጀመር ካሜራውን ይዞ ወጣ። ቀኑ በግብፅ የፖሊስ ቀን ተብሎ የሚከበር ነው፤ ሰልፉን የጠሩት ሰዎችም አውቀው ነው የመረጡት። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ፌስቡክ ላይ ባሰፈረው ጽሑፍ አድማ በታኝ ፖሊሶች ክፉኛ እንደደበደቡት፣ ቢሆንም በማግስቱ ተመልሶ እንደሚወጣ ገልጾ ነበር። ጃንዋሪ 28 «የቁጣ አርብ» የተባለው ዕለት ሆነ። መንግሥት ኢንተርኔትና ሞባይል ዘጋ። ፖሊስ ተኮሰ። ማምሻውን ፖሊስ ከከተማው ሲወጣ ሠራዊቱ ገባ። ባስዩኒ በዚያ ቀን ታህሪር አደባባይ ላይ ሕይወቱ አለፈ። 32 ዓመቱ ነበር፤ የልጆች አባት ነበር።

በኋላ የተቋቋመው የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን በ18ቱ የዐመፅ ቀናት ቢያንስ 846 ሰው መገደሉን ገልጿል። ፕሬዚዳንቱ ሆስኒ ሙባረክ ፌብሩዋሪ 11 ቀን ሥልጣን ለቀቁ።

## ወር ሙሉ ሮጦ የትም ያልደረሰው ሰው

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። በ2010 መጀመሪያ ላይ በካይሮ ኦፔራ ግቢ፣ የጥበባት ቤተ መንግሥት በሚባለው አዳራሽ አንድ የቡድን ዐውደ ርዕይ ተዘጋጅቶ ነበር። ባስዩኒ እዚያ ያቀረበው ሥራ «ሠላሳ ቀን ባሉበት መሮጥ» ይባላል።

በሚያሳልፍ ላስቲክ የተከለለ ክፍል አሠራ። እሱም ሰውነቱን የሚሸፍን የላስቲክ ልብስ ለበሰ። ከዚያ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ያህል እዚያው ክፍል ውስጥ ባለበት ይሮጣል። ጫማው ሥርና ልብሱ ውስጥ ሴንሰሮች ተገጥመዋል። ሴንሰር እንቅስቃሴን፣ ሙቀትን ወይም እርጥበትን ለክቶ ወደ ቁጥር የሚቀይር ትንሽ መሣሪያ ነው። እግሩ ስንት ጊዜ መሬት እንደረገጠ፣ ሰውነቱ ምን ያህል እንዳላበው ይመዘግባል። ቁጥሩ ያለ ሽቦ ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ተቀብሎ ትልቅ ስክሪን ላይ በሚቀያየሩ ባለ ቀለም ካሬዎች ያሳየዋል። ሰውየው በደከመ ቁጥር ስክሪኑ ይለዋወጣል። ላስቲኩ ውስጥ አንድ ሰው በላብ ተጠምቆ ያለከልካል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ላቡ ቀለም ሆኖ ይደንሳል።

እንዲህ ያለው ሥራ የክዋኔ ጥበብ፣ በተለምዶ ፐርፎርማንስ ይባላል። ሸራ የለውም፤ ሐውልት የለውም። የሚሠራው ከአርቲስቱ ሰውነትና ከጊዜው ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። ከዚያ የሚቀረው ቪዲዮ፣ ፎቶና ወረቀት ብቻ ነው።

በ2010 ይህን ያየ ካይሮአዊ ምን ሊያስብ ይችላል? ሙባረክ ከ1981 ጀምሮ ሥልጣን ላይ ነበሩ። የአስቸኳይ ጊዜ ሕጉም አብሯቸው ከዚያው ዓመት ጀምሮ አልተነሳም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው። ባለህበት እርገጥ የሆነ አገር ውስጥ ሠላሳ ቀን ባለበት የሚሮጥ ሰው ማየት ፖለቲካ ሳይሸት አይቀርም። ሥራው ግን ፖለቲካ ብቻ አይደለም። ማሽን ሰውነትን ሲለካው ምን ይተርፋል? ድካም ቁጥር ሲሆን ምን ይሆናል? ዛሬ እጁ ላይ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ያሰረ ሁሉ ይህ ጥያቄ ይመለከተዋል። ሥራውን በአብዮት ብቻ ያየው ሰው ይህ ይቀርበታል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። አዳራሹ የባህል ሚኒስቴር ነው። በዚያ ዘመን ሚኒስትሩ ፋሩቅ ሆስኒ ራሳቸው ሠዓሊ ነበሩ፤ ከ1987 ጀምሮ እስከ አብዮቱ ድረስ ከወንበሩ አልተነሱም። ካይሮ ውስጥ ሰፊ አዳራሽ የፈለገ አርቲስት ብዙ ምርጫ አልነበረውም። «መንግሥት ጋር አልሠራም» ማለት አለመታየት ሊሆን ይችላል። ባስዩኒን ከመንግሥት ተቋም ጋር ጨርሶ ያልተነካካ አድርጎ መሳል ሰውየውን ካለመሳል አይሻልም።

## ቬኒስ እንዴት ደረሰ?

ቢየናሌ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ትልቅ የጥበብ ዐውደ ርዕይ ነው። የቬኒሱ በ1895 ተጀመረ። ልዩ የሚያደርገው በአገር በአገር መከፋፈሉ ነው። አንድ አገር ሥራ የሚያሳይበት ቤት ወይም አዳራሽ ፓቪሊዮን ይባላል። ኢትዮጵያ በ2024 በተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በዚሁ መድረክ ነው። ግብፅ ግን የቆየች ናት። ከ1952 ጀምሮ ጃርዲኒ በሚባለው የቢየናሌው መናፈሻ ውስጥ የራሷ ቤት አላት። በ1995 ለምርጥ ብሔራዊ ፓቪሊዮን የሚሰጠውን የወርቅ አንበሳ ሽልማት ወስዳለች።

በደህናው ጊዜ ማን ቬኒስ እንደሚሄድ የሚወስነው የባህል ሚኒስቴሩ ነበር። በ2011 መጀመሪያ ላይ ግን ሚኒስቴሩ ራሱ ተናግቷል። ለ23 ዓመት ወንበሩ ላይ የቆዩት ሚኒስትር ሄደዋል። አገር የሚያስተዳድረው የጦር ኃይሎች ከፍተኛ ምክር ቤት ነው። በዚህ ክፍተት መሃል የባስዩኒ ሥራ ፓቪሊዮኑን ይያዝ የሚለው ሐሳብ ተቀባይነት አገኘ። የዝግጅቱ ኪውሬተር አይዳ ኤልቶሪ ነበረች። ኪውሬተር ማለት የሚታየውን የሚመርጥ፣ አቀራረቡን የሚወስንና ለተመልካች ማብራሪያ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ነው። የባስዩኒ የቅርብ ሰው የነበረው አርቲስትና መምህር ሻዲ ኤልኖሾካቲም ከመሪዎቹ አንዱ ነበር።

ዐውደ ርዕዩ ከጁን 4 እስከ ኖቬምበር 27 ቀን 2011 ቆየ። ግዙፍ ስክሪኖች ተሰቀሉ፤ አምስት። የታየባቸው ሁለት ዓይነት ቪዲዮ ነው። አንዱ የ2010ሩ ሩጫ። ሌላው ባስዩኒ በአብዮቱ የመጀመሪያ ቀናት በገዛ እጁ የቀረጸው ጥሬ ምስል፦ ሰልፉ፣ ጭሱ፣ የሚሯሯጠው ሕዝብ። ሁለቱ ጎን ለጎን።

ፍጥነቱን ልብ በሉ። የሞተን አርቲስት ሥራ ሰብስቦ በወጉ ለማሳየት ዓመታት ይፈጃል። ይኼኛው ሙት ዓመቱ እንኳ ሳይደርስ ተከፍቶ ተዘጋ። ቤተሰቡ ገና ከሐዘን አልወጣም። ጓደኞቹ እያለቀሱ ነው የሚመርጡት። ይህ ለሥራው ሙቀት ሰጥቶታል። ለማሰላሰል ግን ጊዜ አልሰጠም።

## ሞት ሥራን እንዴት ይለውጠዋል?

ሩጫው ሩጫ ነበር። ከጃንዋሪ 28 በኋላ ትንቢት ሆነ። ላስቲኩ እስር ቤት፣ ላቡ ደም፣ ሠላሳው ቀን ሠላሳው የሙባረክ ዓመት ሆኖ ተነበበ። ሥራው ውስጥ አንዲት ነገር አልተቀየረችም። የተቀየረው ተመልካቹ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው።

ይህ በሁለት መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው አቀማመጡ ነው። ሁለት ቪዲዮ ጎን ለጎን ሲሰቀል ዓይን ሳይወድ በግድ ያገናኛቸዋል። እዚህ ሰው ይሮጣል፤ እዚያም ሰው ይሮጣል። ማንም ባይናገር እንኳ ስክሪኖቹ «አንዱ ሌላውን ወለደ» ይላሉ። ሁለተኛው መግቢያው ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ነው። አርቲስቱ መገደሉን አንብቦ የገባ ሰው ሥራውን መተቸት ይከብደዋል። ደካማ ጎኑን ማን ደፍሮ ይናገራል? በሙት ላይ ክፉ አይወራም። ይህ ወግ ለሰው መልካም ነው። ለጥበብ ሥራ ግን መታፈን ነው፤ ያልተተቸ ሥራ ቀስ እያለ ይረሳልና።

የጥሬው ቪዲዮ ነገር ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ባስዩኒ ያንን ምስል አልቆረጠውም፤ አልመረጠውም፤ «ይህ ሥራዬ ነው» ብሎ አልፈረመበትም። ምናልባት ማስረጃ ነበር። ምናልባት ለሌላ ሥራ ግብአት። ቬኒስ ላይ ከሩጫው እኩል ሲሰቀል ግን እኩል የጥበብ ሥራ ሆነ። ይህን የወሰኑት ሕያዋን ናቸው።

የአዘጋጆቹ ወገን መከራከሪያ አለው፤ ቀላልም አይደለም። ሩጫውን ብቻ ብታሳይ የግድያውን ነገር ደብቀህ በሰላም የሞተ ታስመስለዋለህ። የታህሪርን ብቻ ብታሳይ ዜና ሆነ። ሁለቱንም ማሳየት ሰውየውን ሙሉ ያደርገዋል። በእኔ ግምት ሁለቱንም ማሳየታቸው ልክ ነው። ድንበሩን አጥብቆ ማስመር ግን ያስፈልግ ነበር፤ ይኼኛው የተጠናቀቀ ሥራ፣ ያኛው በእጁ የተገኘ ምስል፣ በሁለቱ መካከል አንድ ዓመት። ተመልካች ይህን ካወቀ ማገናኘቱን ራሱ ይችልበታል።

## መንግሥት የገደለውን ሲያከብር

በጣም ያከራከረው የክብሩ ባለቤት ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ፓቪሊዮን የአገር ስም የተጻፈበት ቤት ነው። በሩ ላይ የሚነበበው ግብፅ ነው። ሰውየውን የገደለው ጥይትም የግብፅ መንግሥት ንብረት ነበር።

ተቺዎች የሚሉት ይህን ነው፦ ወታደራዊው ምክር ቤት አብዮቱ የራሱ እንደሆነ ለዓለም ማሳየት ፈልጎ ነበር፤ ሰማዕት ማክበር ደግሞ ርካሽ መንገድ ነው። ሙት አይናገርም፤ ሰልፍ አይወጣም፤ ጥያቄ አይጠይቅም። በዚያው ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ብቻ 12,000 የሚሆኑ ሲቪሎች ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ኦክቶበር 9 ቀን ማስፔሮ በተባለው የቴሌቪዥን ሕንፃ አጠገብ፣ አብዛኞቹ ኮፕት ክርስቲያኖች የሆኑ ከ20 በላይ ሰልፈኞች ተገደሉ። ኖቬምበር 19 ቀን ከታህሪር በሚወጣው በመሐመድ መሕሙድ ጎዳና ግጭት ተነሳና ከ40 በላይ ሰው ሞተ። የቬኒሱ ዐውደ ርዕይ ገና አልተዘጋም ነበር። የጃንዋሪው ጭስ ስክሪን ላይ እየታየ፣ የኖቬምበሩ ጭስ ከዚያው አደባባይ ይነሳ ነበር።

ሌላው ወገን የሚለውም አለ። መንግሥት አንድ ሰው አይደለም። ሚኒስቴር ውስጥም ልቡ ከአደባባዩ ጋር የሆነ ሠራተኛ አለ። ኪውሬተሯም የባስዩኒ ባልደረቦችም የመንግሥት አፍ አልነበሩም። እምቢ ቢሉስ? ቤቱ ባዶ አይሆንም፤ ሌላ ሰው፣ ምናልባትም ማንንም የማያስቀይም ሥራ ይገባበታል። በሚቀጥለው ቢየናሌ፣ በ2013፣ ግብፅ የቅርጻ ቅርጽና የሞዛይክ ሥራዎች ይዛ ነው የሄደችው። የተከፈተው በር ሰፊ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል። አንድ ጊዜ ተከፍቷል፤ ገብተውበታል።

ሦስተኛ ትችት ወደ ውጭው ዓለም ይጠቁማል። በ2011 የምዕራቡ የጥበብ ገበያ «የዐረብ አብዮት ጥበብ» ተርቦ ነበር። ሙዚየሙም ጋለሪውም የአደባባይ ምስል ይፈልጋል። ባስዩኒ ለዓመታት በድምፅና በኮድ ሲሠራ ማን ጠይቆት ያውቃል? ሲሞት ጠሩት። ይህ ትችት ያማል፤ እውነትነትም አለው። ግን ባስዩኒ ጥሪውን ራሱ አልጠየቀም። ነውሩ የጠሪው ነው።

እኔ ወደ ሁለተኛው ወገን አደላለሁ፤ ከአንድ ማስጠንቀቂያ ጋር። ዐውደ ርዕይ ፍርድ ቤት አይደለም። ሙባረክ ሰልፈኞች ሲገደሉ ባለማስቆማቸው በጁን 2012 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በጃንዋሪ 2013 ፍርዱ ተሻረ። በኖቬምበር 2014 ክሱ ውድቅ ሆነ። በማርች 2017 የመጨረሻው ፍርድ ቤት ነፃ አላቸው። ጥፋተኛ በሌለበት አገር ሰማዕት ማክበር ቀላል ይሆናል። ክብሩ ለፍርድ ምትክ ሆኖ ሲቀርብ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

## ሌሎቹስ?

ከ846ቱ አንዱ አርቲስት ነበር። የቀሩት? የቀን ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ሥራ አጥ፣ ሹፌር። ለእነሱ ቬኒስ ላይ ስክሪን አልተሰቀለም።

ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ አድልዎ አይደለም። አርቲስት ሲሞት የሚሰቀል ነገር ትቶ ይሞታል። ቪዲዮ አለው፤ ካታሎግ አለው፤ ስለሱ መጻፍ የሚችሉ ጓደኞች አሉት። ሌላው ሰው የሚተወው የመታወቂያ ፎቶ ነው። ትውስታም እንደ ማንኛውም ነገር ያለው ዘንድ ይሄዳል።

ለዚህ ጎዶሎ ካይሮ የራሷን መልስ ሰጥታ ነበር። የመሐመድ መሕሙድ ጎዳና ግድግዳ። በፌብሩዋሪ 2012 ፖርት ሰዒድ ስታዲየም ውስጥ ከ70 በላይ የእግር ኳስ ደጋፊዎች ከሞቱ በኋላ እነ ዐማር አቡ በክርና አላ ዐወድ የሟቾቹን ፊት በትልቁ ሳሉበት። ዐወድ የጥንቱን የፈርዖን ዘመን የቀብር ሥዕል ስልት ተጠቀመ። ፎቶ ብቻ የነበረው ወጣት ባለ ሙሉ ግድግዳ ሆነ። እናቶች እየመጡ ልጆቻቸውን ያዩበት ነበር። በሴፕቴምበር 2012 የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ቀለም ቀቡበት። ሠዓሊዎቹ ተመልሰው ሳሉት። በ2015 የግቢው ባለቤት የሆነው የካይሮ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የግድግዳውን ከፊል አፈረሰው።

የመንግሥት ሐውልትም ተሞክሯል። በኖቬምበር 2013 ታህሪር መሃል ለሰማዕታት የመታሰቢያ መሠረት ተሠርቶ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተመረቀ። አንድ ቀን ሳያድር ሰልፈኞች ሰባበሩት። «ገዳዮቻችን ሐውልት አይሠሩልንም» ነበር ስሜቱ። ዛሬ አደባባዩ መሃል የቆመው በ2020 የመጣው የዳግማዊ ራምሴስ ዘመን ሐውልት ነው። ከ2011 ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ምናልባት የተመረጠውም ለዚሁ ነው።

አበባ ማስቀመጥስ? ገጣሚዋ ሸይማ አል-ሰባግ ጃንዋሪ 24 ቀን 2015 ከጥቂት የፓርቲ ጓደኞቿ ጋር የ2011 ሟቾችን ለማሰብ አበባ ይዛ ወደ ታህሪር እየሄደች ነበር። ጠላዓት ሐርብ አደባባይ አጠገብ በፖሊስ ጥይት ተመታ ሞተች። ሙታን ልታስብ የወጣች ገጣሚ ራሷ ከሚታሰቡት ተቆጠረች። የቬኒሱን ስክሪን የሚንቅ ሰው ይህን ከግምት ቢያስገባ ጥሩ ነው። በቦታው ማሰብ ሕይወት በሚያስከፍልበት አገር፣ የውጭ አዳራሽ ምቾት ብቻ አይደለም።

## ላስቲኩ፣ ኮዱ፣ ፊቶቹ

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ደረቅ ነው። ብዙ ሰው ስለማያነሳው ግን ሰፋ አድርጌ ላንሳው።

ሥዕል ግድግዳ ላይ ይቆያል። የባስዩኒ ሥራ ግን ሰውነቱን ይፈልጋል። እሱ የለም። ሌላ ሰው ላስቲኩን ለብሶ ቢሮጥስ? አንዳንድ የክዋኔ አርቲስቶች በሕይወት እያሉ መመሪያ ጽፈው ይተዋሉ፤ ማን ሊደግመው እንደሚችል፣ ምን እንደማይቀየር። በ32 ዓመቱ የሚሞት ሰው ኑዛዜ አይጽፍም። ቢደገም ላቡ የሌላ ሰው ላብ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቀለምም የሌላ ሰው ድካም ነው። ለእኔ ይህ አዲስ ሥራ ነው፤ በእሱ ስም መጠራት የለበትም። የማይደገም ከሆነ ደግሞ የቀረው ቪዲዮ ብቻ ነው። ተመልካችም ያየው ሥራውን ሳይሆን የሥራውን ቅጂ መሆኑ ሊነገረው ይገባል።

ኮዱም ያረጃል። በ2010 የተጻፈ ፕሮግራም በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ላይነሳ ይችላል። ሴንሰሩ ይዝጋል፤ ፋይሉ የማይከፈት ይሆናል። እዚህ ላይ ክፍት ምንጭ መምረጡ ይጠቅማል፤ ኮዱ ካለ ሌላ ባለሙያ አንብቦ ሊጠግነው ይችላል። ዐውደ ርዕይ ስድስት ወር ቆይቶ ይዘጋል። ማኅደር ግን በየዓመቱ ገንዘብና ሰው ይበላል። ለመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ስፖንሰር ይገኛል፤ ፋይል ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ለሚያዛውር ሠራተኛ ግን ማንም አይከፍልም።

መብቱ ደግሞ የወራሾቹ ነው። በግብፅ የ2002ቱ 82ኛ ቁጥር ሕግ መሠረት የደራሲ የገንዘብ መብት ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የባስዩኒ እስከ 2061 ማለት ነው። አብዮታዊ ስለሆነ የሕዝብ ነው ብሎ ቪዲዮውን ቆርጦ ለፖስተርና ለቲሸርት ማዋል፣ በቅን ልብ ቢደረግም፣ የልጆቹን ንብረት መውሰድ ነው።

የሚያሳስበው ግን የታህሪሩ ቪዲዮ ላይ ያሉት ፊቶች ናቸው። በ2011 እነዚያ ሰዎች ፊታቸውን አልሸፈኑም፤ ያሸነፉ መስሏቸው ነበር። በኖቬምበር 2013 ሰልፍን በእጅጉ የሚገድብ ሕግ ወጣ። ያኔ ኩራት የነበረ ምስል በኋላ ማስረጃ ሊሆንባቸው ይችላል። ሞሲሪን የተባለው የቪዲዮ ባለሙያዎች ስብስብ በ2018 የ858 ሰዓት የአብዮት ምስል በኢንተርኔት ሲለቅ ቁሳቁሱ በአንድ ኪውሬተር ትርጉም ሳይታሰር ማንም እንዲያየው አደረገ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ታሪኩ በአንድ ሰው ስም አይጠቀለልም። ስጋቱም ያው ነው፤ የሚያየው ወዳጅ ብቻ አይደለም። ፊት ማደብዘዝ ሰውን ያድናል፤ ምስሉን ግን ይጎዳዋል። ማመዛዘኑ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ለየብቻ የሚደረግ እንጂ በአንድ መመሪያ የሚያልቅ አይመስለኝም።

ወደፊትስ? ካይሮ ውስጥ ሩጫውንና ታህሪርን አንድ ላይ የሚያሳይ ትልቅ ዐውደ ርዕይ በቅርብ ይዘጋጃል ብዬ አልጠብቅም። የከተማዋ ነፃ የጥበብ ቦታዎች ጠበዋል፤ ታዋቂው ታውንሐውስ ጋለሪ እንኳ በዲሴምበር 2015 ተበርብሮ ተዘግቶ ነበር። ሩጫውን ብቻ ለይቶ ማሳየት ግን ይቻል ይሆናል፤ በ2010 ያንኑ ሥራ የሰቀለው የመንግሥት አዳራሽ ነበርና። ይህ መንገድ ፖለቲካውን ዘሎ ጥበቡን የሚመልስ ነው። ለአንዳንዱ ክህደት ይመስላል። ሄልዋን ዩኒቨርሲቲ ለሚማር፣ በ2011 ሕፃን ለነበረ ተማሪ ግን ባስዩኒ ሴንሰሩን ከቀለሙ ጋር እንዴት እንዳገናኘው የሚያይበት ምናልባት ብቸኛው ዕድል ነው። አዘጋጆቹ ከአዳራሹ ኃላፊዎች ጋር የሚከራከሩት በግድግዳው ጽሑፍ ላይ ይሆናል፤ የሞተበት ቀን ብቻ ይጻፍ ወይስ እንዴት እንደሞተም ይጨመር።